ባሕሩ ከአሶሳ 1,570 ሜትር ታች ነው

ከአሶሳ ስትነሡ አንድ ሃይላንድ ውኃ ጠጡና የባዶውን ፕላስቲክ ክዳን አጥብቃችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። አዲስ አበባ ስትደርሱ ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ጅቡቲ ባሕር ዳር ስታወጡት ደግሞ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ማንም አልረገጠውም፤ የጨመቀው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ አሶሳ ላይ 83 ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ያህል ነው። ለዕረፍት ወደ ባሕር ወርዶ በስኩባ መጥለቅ የሚያስብ የቤኒሻንጉል ሰው፣ ከትኬትና ከሆቴል በፊት ይህን ፕላስቲክ ቢያስብ እወዳለሁ።

ከውኃ በታች ነገሩ ይከብዳል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ፣ ከላያችን ያለው አየር በሙሉ የሚያሳርፈውን ያህል ግፊት ይጨመራል። ጀማሪ በሚፈቀድለት 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 280 ደርሷል ማለት ነው። ጠላቂው ከጀርባው ካዘለው የአየር ሲሊንደር የሚተነፍሰው አየር በዚያው ግፊት ስለሚደርሰው ሳንባው አይጨመቅም። አደጋው ሲወጣ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ አየሩ እጥፍ ልሁን ይላል፤ ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም። ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ከምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛ የሚጠጋው ናይትሮጅን ነው። ሰውነታችን አይጠቀምበትም፤ ግፊት ሲበዛ ግን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። የለስላሳ ጠርሙስ አስቡ፤ ቆርኪው እንደተገጠመ ፈሳሹ ጸጥ ያለ ነው፤ ድንገት ሲከፈት ይፈላል። ቶሎ ወደ ላይ የወጣ ጠላቂ ሰውነትም እንዲሁ አረፋ ይፈጥራል። ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው ጥናት ይህን የለካው በፍየሎች ነበር፤ አረፋው መገጣጠሚያቸውን ሲያማቸው የፊት እግራቸውን አንሥተው ይቆሙ ነበር። የዛሬ ጠላቂዎች በእጃቸው የሚያስሩት ኮምፒውተር የሚያሰላው ከዚያ ጥናት በተወለደ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። የመጥለቂያ መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት ቤቱ ባሕር ዳር ለሆነ ሰው ነው። እሱ ከባሕሩ ሲወጣ ጨርሷል። የእኛ ሰው ግን ገና መውጣቱ ነው፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በሰውነቱ የቀረው ናይትሮጅንም አረፋ ሊሆን ይችላል። የጠለቀ ሰው ወዲያው አይብረር የሚባለውም ለዚህ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በብዛት ቢሳሳ በ2,400 ሜትር ከፍታ እንዳለው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከጅቡቲ በባቡር የሚመለስ ሰው «አልበረርኩም» ብሎ ራሱን ማታለል የለበትም፤ ሐዲዱ ራሱ ቀስ እያለ አውሮፕላን የሚያደርሰው ከፍታ ላይ ያወጣዋል። የአሶሳ መንገደኛ ደግሞ አገሩ 1,570 ሜትር ነው ብሎ በዚያ ልክ ቢያሰላ ይሳሳታል፤ በመካከል አዲስ አበባ አለች። የመንገዱ ጣሪያ መድረሻው ሳይሆን መሸጋገሪያው ነው።

ዳይቨርስ አለርት ኔትዎርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል። መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ እኛ ግን ከፍታው ላይ ወጥተን እንኖራለን። ስለዚህ ሙሉ 24 ሰዓት ይሁን ባይ ነኝ።

እንግዲህ ዕቅዱ ከመጨረሻው ቀን ይጀምር። የመመለሻውን ትኬት ያዙ፤ ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ሙሉ ቀን ለከተማው ገበያና ለዓሣው ተዉት። የቀረው ለባሕሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ይጎበኘዋል፤ ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ እሱ ነው፤ እዚያ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ለእሱ ሲሊንደር አያስፈልግም፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ገጽ ላይ ይታያል። ሲሊንደሩን ለሙሻና ለማስካሊ ደሴቶች ኮራል አቆዩት። አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ጉንፋን የያዘውም ጆሮው ግፊቱን ስለማያስተካክል እስኪሻለው ይጠብቅ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ክንዳችሁን ቢደነዝዛችሁ፣ ትከሻችሁን ወይም ጉልበታችሁን ቢቆረጥማችሁ፣ ያልተለመደ ድካም ቢጫናችሁ፣ «መንገድ አድክሞኝ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት መጥለቃችሁን ይሁን፤ ሳይነገረው ሊገምተው አይችልም። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ዋናው ሕክምና ደግሞ ግፊቱን መልሶ የሚጨምር ልዩ ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ባሕር ወሬ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ጉባ ላይ ንጋት ሐይቅን ፈጥሯል፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ገጹም ከባሕር ጠለል 640 ሜትር ከፍ ይላል። ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውኃ በጠላቂዎች ሕግ የከፍታ ውኃ ነው፤ ለባሕር የተዘጋጀው ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም። ውኃው ጨው ስለሌለው ከባሕሩ ያነሰ ያንሳፍፋል፤ ጠላቂው ከወገቡ የሚታጠቀውን እርሳስ መቀነስ አለበት። በክረምት ዓባይ ደፍርሶ ይመጣል፤ ከሥር የተዋጠ ዛፍ አለ፤ ተርባይኖቹ ውኃ በሚስቡበት አካባቢም ማንም ዝር ሊል አይገባም። አንድ ቀን የአሶሳ ወጣቶች ሠልጥነው እዚያ ሲጠልቁ ማየት እመኛለሁ። ጠዋት የጠለቀ ማታ አሶሳ ለመግባት መኪና ቢያስነሣ ግን 930 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ የዚያን ሌሊት እዚያው ጉባ ሐይቁ ዳር ይደር።