ሴት ሠራተኛና የማኅበር ኃይል

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ ሳትሰሙ አትቀሩም። በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ «የኢንቺስ ቤቶች» ለማለት «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደመወዝተኛ ነው። ነገር ግን ከደመወዝተኛው ጓዳ ውስጥ ስሟ በመዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ሠራተኛ ነበረች፤ እርሷም የምትጋግረው፣ የምታጥበውና ሕፃን የምታዝለው ሴት ናት። ስለ ሴት ሠራተኞች ታሪክ ስንናገር ይህችን ሴት ልንረሳት አይገባም።

በአገራችን ጥጥ መፍተል ከጥንት ጀምሮ የሴት፣ ሽመና ግን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሴቲቱ እንዝርት ስታሾር ብትውል ድካሟ የቤት ግዴታ እንጂ ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ ተብሎ አይቈጠርላትም ነበር። በድሬዳዋና በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ፣ በአዲስ አበባም የቡና ለቀማ ሥራ ሲስፋፋ፣ የሴት ጉልበት በሰዓትና በብር መለካት ጀመረ። ሆኖም አንዲት ሴት ብቻዋን የደመወዝ ጭማሪ ብትጠይቅ፣ በእርሷ ቦታ የምትገባ ሥራ ፈላጊ ከደጅ አትጠፋም። ማኅበር ያስፈለገው ስለዚህ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂል ከፈታይ ይበልጥ የሚረዳው ማን ነው?

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማኅበር የመደራጀትን መብት ጠቀሰ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 210 ጸና። ነገር ግን በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኞች ያስፈልጉ ነበር፤ የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ቀሩ። በጓዳ ብቻዋን የምትሠራ ሴት 50 ጓደኞች ከወዴት ታገኛለች?

በ1966 ዓ.ም. ከየካቲት 28 ጀምሮ ማኅበሩ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በጠራ ጊዜ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ነበር። ይህ ጥያቄ በጣም አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሁሉ፣ ይልቁንም ሴቶችን የሚመለከት መሆኑ ግልጽ ነው። በዓመቱ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ከካዛንቺስ አጠገብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካ ሴቶች የሥልጠናና የምርምር ማዕከል አቋቋመ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተራምዷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ዕረፍት ከ60 ወደ 90 ቀናት ከፍ አደረገው፤ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንም ከለከለ፤ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም አዘዘ። የቤት ሠራተኛን ግን ይህም አዋጅ ለሌላ ደንብ ትቷታል።

አንባቢያን ሆይ፤ የፋብሪካዋ ሴት መብቷን ያገኘችው እንደ እርሷ ካሉት ጋር ስለ ቆመች ነው። የጓዳዋ ሴት ግን ከጎኗ የሚቆም ሰው የላትም። ስለዚህ ማኅበር እስኪኖራት ድረስ የዕረፍት ቀኗንና የደመወዟን ነገር መጠበቅ የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው፤ ፍርድም ከቤት ይጀምራልና።