ጭብጨባውም ጩኸቱም የተለጠፈበት ጥራዝ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1951 ሌሊት የደብሊኑ አቤይ ቴአትር ተቃጠለ። የምሽቱ ዝግጅት አልቆ ተመልካቹ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ የተነሣው እሳት መድረኩንና የመድረኩን ጀርባ አወደመው። ሕንፃ ግን መልሶ ይሠራል፤ አቤይም ልክ በ15 ዓመቱ፣ በ1966፣ በዚያው ስፍራ አዲስ ቤት ተከፍቶለታል። መልሶ የማይሠራው የየምሽቱ ሁኔታ ነው፦ ማን መጣ፣ ስንት ከፈለ፣ በየትኛው ትዕይንት ሳቀ፣ በየትኛው ተቆጣ?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ከሚሰጡት መካከል ደብሊው ኤ. ሄንደርሰን አንዱ ነው። ሄንደርሰን ደራሲ ወይም ተዋናይ ሆኖ ስሙ አልተጠራም። በአቤይ የመጀመሪያ ዓመታት የቴአትር ቤቱ ጸሐፊ ነበር። በሥራው መሃል ስለ አየርላንድ ቴአትር የተጻፈውን ሁሉ ከየጋዜጣው እየቆረጠ በጥራዝ ላይ ይለጥፍ ነበር። ጥራዞቹ አሁን በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

የእነዚህን ጥራዞች ዋጋ ለመረዳት የ1907ን ጃንዋሪ ማየት ይበቃል። የጆን ሚሊንግተን ሲንጅ «የምዕራቡ ዓለም ፕሌይቦይ» ቅዳሜ ጃንዋሪ 26 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሁለቱ ገቢሮች በሰላም አለፉ፤ በሦስተኛው ላይ ግን ጩኸት ተነሣ። አባቴን ገደልሁ ብሎ የመጣ ወጣት በገጠር ሰዎች ዘንድ እንደ ጀግና መታየቱ፣ የሴት የውስጥ ልብስም በመድረክ ላይ በስሙ መጠራቱ ብዙዎችን አስቆጣ። ሰኞ ዕለት ተቃዋሚዎች ተደራጅተው መጡ። ተዋንያኑ ድምፃቸው ባይሰማም መጫወታቸውን አላቆሙም። ፖሊስ ተጠራ፤ የታሰሩም ነበሩ። ከአቤይ መሪዎች አንዱ የነበረው ገጣሚ ዊልያም በትለር ዬትስ ከስኮትላንድ ጉዞው ተመለሰ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀንም በዚያው አዳራሽ ሕዝብ የተሰበሰበበት ክርክር ተካሄደ።

የተውኔቱ ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግረንም፤ የሚነግሩን ጋዜጦቹ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። «ፍሪማንስ ጆርናል» የብሔርተኞች ነበር፤ «አይሪሽ ታይምስ» ደግሞ ከብሪታንያ ጋር አንድነትን የሚደግፉት ሰዎች። የሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲለጠፉ፣ የቴአትር ጠብ የሚመስለው ነገር ሥር የአገር ጥያቄ እንደነበረ ይታያል። ጄምስ ኪልሮይ በ1971 ስለዚያ ሳምንት ያሳተሙት መጽሐፍ የተገነባው በአብዛኛው ከጋዜጦች ዘገባ ነው።

እዚህ ላይ የሄንደርሰንን ታማኝነት ማድነቅ ይገባል። የቴአትር ቤት ጸሐፊ ሥራው የቤቱን ስም ማስወደድ ነው። ሙገሳውን ለጥፎ ስድቡን ቅርጫት ውስጥ ቢጥል ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ቤቱን ያወገዙትንም አስቀመጠ። በዚህም የተነሣ ጥራዞቹ የማስታወቂያ ስብስብ መሆናቸው ቀርቶ የሕዝብ ታሪክ ሆነዋል።

ትንንሾቹ ወረቀቶችም ዋጋቸው ትልቅ ነው። አቤይን በገንዘቧ ያቋቋመችው እንግሊዛዊቷ አኒ ሆርኒማን በመጀመሪያ ስድስት ፔኒ የሚከፈልበት መቀመጫ እንዳይኖር ከልክላ ነበር፤ ዝቅተኛው ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። ስድስት ፔኒው የተፈቀደው በ1906 መገባደጃ ላይ ነው። አንድ በራሪ ወረቀት ላይ የታተመ የመግቢያ ዋጋ፣ ደሃው ደብሊናዊ ወደ አዳራሹ የገባበትን ጊዜ በቁጥር ያሳያል። ተቺው ስለ ትወናው ሲጽፍ የመግቢያ ዋጋ አይጽፍም፤ በራሪው ወረቀት ግን ይዞታል።

ሆርኒማን ራሷም ስለ አቤይ የተጻፈውን ትሰበስብ ነበር፤ ጥራዞቿ በማንችስተር ጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በ1908 በማንችስተር የገዛችው ጌይቲ ቴአትር ከለንደን ውጭ በብሪታንያ ለተስፋፋው የክፍለ ሀገር ቴአትር በር የከፈተ ነው። ዋና ከተማው ሁልጊዜ ታሪክ ጸሐፊ አያጣም። የክፍለ ሀገሩ ቴአትር ግን አንድ ሰው ወረቀቱን ካልያዘለት በአንድ ትውልድ ውስጥ ይረሳል።

የጋዜጣ ወረቀት በባሕርይው ረጅም ዕድሜ የለውም። በውስጡ ያለው አሲድ ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀጥሎም ይሰባብረዋል፤ ሙጫውም ያበላሸዋል። ብዙ ሰው ቁራጩን ነቅሎ ለየብቻ ማስቀመጥ የሚሻል ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው አጠገብ እንደተለጠፈ፣ ዳር ላይ በእስክሪብቶ ምን እንደተጻፈ ራሱ መረጃ ነው። ስለዚህ ገጹ ሙሉውን ፎቶ ይነሣል፣ ቅደም ተከተሉም ይጠበቃል። ቀንና የጋዜጣ ስም የሌለው ቁራጭ ሲያጋጥም ደግሞ ከዋናው ጋዜጣ ጋር ይመሳከራል፤ የአንድ ሰው ምርጫ ያለማመሳከሪያ ሙሉ ታሪክ አይሆንምና። አቤይና የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ይፋ ባደረጉት ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰነዶችን ወደ ዲጂታል መልክ ለመቀየር መነሣታቸው ቁርጠኝነቱ ካለ ሥራው እንደሚቻል ያሳያል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል። ዛሬ የቴአትር ማስታወቂያ በፌስቡክና በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው ሲቀየር ወይም ገጹ ሲዘጋ የተመልካቹ አስተያየት አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የየቴአትር ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለእያንዳንዱ ተውኔት አንድ ፋይል ይክፈት፦ ፖስተሩን፣ የተዋንያኑን ዝርዝር፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ የወጡትን ሂሶች ሁሉ ከነቀናቸው ያስገባበት። ያስቀየመውን ሂስ ከሁሉ በፊት ያስገባ፤ የነገው አንባቢ ፋይሉን የሚያምነው እሱን ሲያገኝ ነው።