መስመሩ ሳይሰመር

የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላን በወረዳው አዳራሽ ለውይይት የቀረበ ዕለት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ወረቀት ከበን ቆምን። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ መሆኑን ባለሙያው አስረዳን። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከኋላ ጠጋ ብለው ወረቀቱን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና «ልጄ፣ የእድራችን ድንኳን የሚተከለው የት ላይ ነው?» አሉ። ወጣቱ ባለሙያ ካርታውን አየ፤ ሜዳው ቀይ ተቀብቷል። ረቂቅ ይባል እንጂ የሚነካ አልነበረም።

ነዋሪን በከተማ ፕላን ስለማሳተፍ በየአገሩ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሁለት ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ማን ይጠየቅ? መቼስ ይጠየቅ? እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ይከብደኛል። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላም፣ ማሳወቅ እንጂ ማማከር አይደለም።

ከተማን በመሬት አጠቃቀም መከፋፈል፣ ማለትም ዞኒንግ፣ ሲጀመር ነዋሪ ይጠየቅ ያለ ብዙ ሰው አልነበረም። የጀርመኗ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1891፣ ኒውዮርክ በ1916 ደንባቸውን ሲያወጡ ጉዳዩ የመሐንዲስና የሕግ አዋቂ ነበር። ነገሩ የተለወጠው መንገድና መልሶ ማልማት ሰፈር ማፍረስ ሲጀምር ነው። የኒውዮርኩ ኃያል ባለሥልጣን ሮበርት ሞዝስ በዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ መኻል መንገድ ሊያሳልፍ ሲነሳ የሰፈሩ እናቶች ቆመው አስቀሩት። ከተሟጋቾቹ አንዷ ጄን ጄኮብስ በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ከተማን የሚያውቀው በእግሩ የሚሄድበት ሰው መሆኑን ተከራከረች። በ1969 ደግሞ ሼሪ አርንስታይን ተሳትፎን 8 እርከን ባለው መሰላል መስላ አቀረበችው። ታቹ ሰውን ማታለል፣ መኻሉ ማሳወቅና ማማከር፣ ላዩ ውሳኔውን ለዜጋው ማስረከብ ነው። ዛሬም ባለሙያዎች በዚሁ መሰላል ይለካሉ።

የላይኛውን እርከን ማየት ለሚፈልግ ቦስተን ውስጥ ደድሊ ስትሪት አለ። በ1980ዎቹ የጥቁሮች፣ የላቲኖችና የኬፕቨርዴዎች መንደር የሆነው ይህ ሰፈር፣ ቤት በእሳት እየጋየ ወደ 1,300 የሚጠጉ ባዶ ቦታዎች የቀሩበት፣ ሌላው ከተማ ቆሻሻውን አምጥቶ የሚደፋበት ነበር። እናግዝ ያሉ ድርጅቶች በ1985 ለሰፈሩ ማኅበር የቦርድ አወቃቀር ይዘው ሲመጡ ለነዋሪው የተተወው ወንበር ጥቂት ነበር። ነዋሪዎቹ እዚያው ስብሰባ ላይ ተቃወሙ። አወቃቀሩ ተቀይሮ ነዋሪው አብላጫውን ያዘ፤ ማንም ማንንም እንዳይውጥ ለየማኅበረሰቡ እኩል ወንበር ተመደበ። ፕላን ከማውጣታቸው በፊት ግን ቆሻሻ የሚደፉትን አስቆሙ። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ፤ ሰው በዓይኑ ያየው ለውጥ ነው ለሚቀጥለው ስብሰባ ከቤቱ የሚያስወጣው። በ1988 የከተማው ባለሥልጣን በሰፈሩ ውስጥ ያሉ ባዶ ቦታዎችን ለሕዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን ለማኅበሩ ሰጠ፤ በአሜሪካ ታሪክ ለነዋሪዎች ማኅበር እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። መሬቱ ዛሬም በጋራ ባለአደራነት ስለተያዘ፣ ቤት በተወደደ ቁጥር ድኻው አይገፋም።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል የናይሮቢው ሙኩሩ አለ። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ አባወራ በቆርቆሮ ቤት የሚኖርበትን ይህን ሰፈር አውራጃው እ.ኤ.አ. በ2017 ልዩ የፕላን አካባቢ ብሎ አወጀው። ነዋሪዎቹ ከአሥር አሥር ቤት እየተወከሉ፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከባለሙያዎች ጋር ሰፈራቸውን ዘርዝረው ቆጠሩ። የተለመደው የመንገድ ስፋት ቢተገበር ብዙ ሰው ይፈናቀል ስለነበር ጠበብ ያለ መንገድ ተመረጠ። ከቢሮ ሆኖ ስንት ቤት እንደሚፈርስ ያላየ ባለሙያ ይህን ሊመርጥ አይችልም።

ተሳትፎ ሁልጊዜ ለደካማው ይቆማል ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች የከተሞች የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲመረምሩ የሚናገረው በብዛት በዕድሜ የገፋው፣ ወንዱና የራሱ ቤት ያለው ሆኖ አገኙት፤ አብዛኛውም አዲስ ቤት እንዳይሠራ የሚቃወም ነው። ተከራዩ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ማታ ሥራ ያለበት አዳራሽ አይመጣም።

በእኛ አገር የሕግ እጥረት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ እንዲጠየቁ ያዛል፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ተሳትፎን መርህ አድርጎታል። የሚጎድለው ነዋሪው የሚደራደርበት ነገር ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከመኻል አዲስ አበባ ነዋሪ ብዙው የዚያ ቤት ተከራይ ሆኖ ኖሯል፤ ፕላን ሲመጣ በእጁ የይዞታ ካርታ የለም፣ ያለው ጎረቤትና ትዝታ ብቻ ነው።

ሳይጠይቁ የማቀድ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በላይ የሚነግረን የለም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ ተነሳ፤ ኅዳር 2008 ተቀጣጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ፕላኑ ጥር 2008 ተሰረዘ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንችስ በኮሪደር ልማት ከተነሱት ብዙዎቹም የተሰጣቸው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር እንደነበር ተናግረዋል። መንገዱ አምሯል፤ እኔም በመብራቱ ሥር በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል። ግን የሄዱት ሰዎች እድር እንደተበተነ ነው፤ ለዚያ ካሳ የሚተምን ገማች የለም።

የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ይህን የጉርብትና ኑሮ በከፊል አስበውበት ነበር። ከብሎኮቹ አጠገብ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት ሠሩ። በማውቀው አንድ ሳይት ያ ቤት ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል፤ ሴቶቹ ምጣዳቸውን በረንዳ ላይ ጥደዋል። ጭስ እንዴት እንደሚወጣ፣ ውኃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚሆን እነሱን የጠየቀ አልነበረም።

የጀርመን ሕግ መቼ ይጠየቅ ለሚለው ግልጽ መላ አለው፦ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ አንዴ አማራጮች ገና ክፍት ሳሉ፣ ሁለተኛ ረቂቁ ለአንድ ወር ያህል ለዕይታ ሲቀርብ። አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. ለ10 ዓመት የወጣ ነው። ለቀጣዩ የሚዘጋጀው ወረቀት ገና ቀለም ሳይነካው የየእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ቢጠሩ፣ ድንኳን የሚተከልበትን፣ ጉሊት የሚዘረጋበትን፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይጨርሱታል።