ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

በእኛ በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማም ሆነ በወንጂ፣ በመተሐራም ሆነ በባቱ፣ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚነሣው የወባ ስም ነው። ደግም ነው፤ ይመርመር። ታዲያ ወባ ሳይገኝበት ትኩሳቱ እየተመላለሰ ካስቸገረስ? ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገ ክፍል የምንረከብ ዕጩ መምህራን የበሽታውን አነሣሥ ማወቅ ይገባናል።

ነጭ የደም ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በሕዋሱ ገጽ ላይ «ተቀባይ» የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ተቀባይ እንደ ጆሮ ነው፤ ከሌሎች ሕዋሳት የመጣውን መልእክት ሰምቶ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ለምሳሌ ኢንተርሊዩኪን 7 የተባለው መልእክተኛ ተቀባዩን ሲያገኝ፣ ለጋው ሕዋስ «ኑር፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። መልእክቱ ሲያበቃ መባዛቱ ጋብ ይላል፤ ሕዋሱም በስሎ ሥራውን ይይዛል።

ይህ ተቀባይ ከውልደት ጀምሮ ካልሠራ፣ ቲ የተባሉት ተከላካይ ሕዋሳት አያድጉም። በተቃራኒው ጂኑ ተለውጦ ማንም ሳይናገር «ሰማሁ» የሚል ከሆነ፣ ሕዋሱ ሳይበስል ዝም ብሎ ይባዛል። የትምህርት ቤት ደወል ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ማለት ነው። በአንዳንድ የአጣዳፊ ሉኬሚያ ሕሙማን ላይ የተገኘው ይኸው ብልሽት ነው። ያልበሰሉት ሕዋሳት መቅኔውን ሲያጨናንቁ ቀይ ሕዋሳት ያንሳሉ፤ ልጁ ይገረጣል። ደም የሚያረጉትም ያንሳሉ፤ ይነስረዋል፣ ድዱ ይደማል፣ ገላው ይበልዛል።

ይህ እውቀት ለሕክምና ጠቅሟል። በአዋቂዎች ላይ በሚበዛው ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ፣ የተበላሸው ማብሪያ ያለው በሕዋሱ ውስጥ ነው። እርሱን የሚያጠፋው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በማክስ ፋውንዴሽን አማካይነት ለሕሙማን በነጻ ሲታደል ቆይቷል። የሕፃናቱ አጣዳፊ ሉኬሚያ ግን በብዙ መድኃኒቶች ጥምረት ለረጅም ጊዜ ይታከማል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ልጁን በየቀኑ የምናየው እኛ ነን። እየገረጣ፣ እየነሰረው፣ ትኩሳቱ እየተመላለሰበት ስናይ ወላጆቹን ጠርተን ሙሉ የደም ምርመራ እንዲያስደርጉለት እንምከር። በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከሕክምና ሲመለስ ከጓደኞቹ ነጥለን አናስቀምጠው። እንዲያውም ከእኛ ጉንፋን መጠበቅ ያለበት እርሱ ነው።