ከባሕር የሚወጣው ጋዝ እንዴት ይጣራል? ሽታውስ ከየት ይመጣል?

እዚህ ክርያት ጋት ማታ ማታ መብራት ስናበራ፣ ከኤሌክትሪኩ አብዛኛው የሚመነጨው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ክፋር መናሄም አጠገብ ያለው የዳልያ ኃይል ማመንጫም የሚሠራው በዚሁ ጋዝ ነው። ነገር ግን ጋዙ ከባሕር ሥር እንደወጣ አይነድም፤ አስቀድሞ ይጣራል።

የታማር ጋዝ የሚገኘው ከሃይፋ በስተምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ውኃ በታች ነው። ከ2013 ጀምሮ በባሕሩ ወለል ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ፣ ከአሽቀሎን ፊት ለፊት ባሕር ላይ ወደቆመው ማጣሪያ ይደርሳል። ከዚያም በአሽዶድ በኩል ወደ የብስ ይገባል።

ጋዙ ከጉድጓዱ ሲወጣ ብቻውን አይደለም። ውኃ፣ ቀጭን ዘይት የሚመስል ፈሳሽ፣ አንዳንዴም አሸዋ ይዞ ይመጣል። ዋናው ጠላት ውኃው ነው። ግፊቱ ሲበረታና ሲቀዘቅዝ ጋዙና ውኃው ተያይዘው በረዶ የመሰለ ነገር ይሠሩና ቧንቧውን ይደፍናሉ። ይህን ለመከላከል ገና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል። በመኪና ራዲያተር ውስጥ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ዓይነት ነው።

የማጣራቱን ሥራ በሦስት ከፍለን ብናየው ይቀላል።

አንደኛው ማዝቀጥ ነው። ጠላ በጋን ሲቀመጥ አተላው ወደ ታች እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ ጋዙም ሰፊ ታንከር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፈሳሹና አሸዋው ከሥር ይቀራል፤ ጋዙ በላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ማድረቅ ነው። በጋዙ ውስጥ በዓይን የማይታይ እርጥበት ይቀራል። ግላይኮል ከላይ ሲወርድ፣ ጋዙ ከታች ሲወጣ ይገናኛሉ፤ ግላይኮሉም እርጥበቱን ይመጠዋል። በኋላ ግላይኮሉ ሲሞቅ ውኃው ይተንና እንደገና ለሥራ ይውላል።

ሦስተኛው ማጥለል ነው። ቧንቧው የብረት ስለሆነ ከውስጡ ዝገትና ጥቁር ዱቄት ይነሣል፤ ከመግፊያ ሞተሮችም የዘይት ጠብታ ይገባል። ስለዚህ በየጣቢያው ማጣሪያ አለ። ዱቄቱን ይይዛል፤ ደቃቃው ጠብታም እርስ በርሱ እየተያያዘ ከብዶ ይወርዳል። ሠራተኞቹ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ይለካሉ፤ ልዩነቱ ከጨመረ ማጣሪያው እየተደፈነ ነው ማለት ነው። ሲከፍቱትም በጥንቃቄ ነው። ጥቁሩ ዱቄት ብረትና ድኝ ካለበት አየር ሲነካው በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ያረጥቡታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በኃይል ማመንጫው ውስጥ የሚሽከረከረው ተርባይን በጣም ፈጣን ስለሆነ፣ ትንሽ ዱቄት እንኳ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የጋዙ መለኪያም ሲቆሽሽ ይሳሳታል።

ልብ በሉ፤ ጋዙ ተጣራ ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ንጹሕ የተፈጥሮ ጋዝ ሽታ የለውም። በ1937 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለች ቦታ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ከትምህርት ቤት ወለል በታች አፈትልኮ ተጠራቀመ፤ ማንም ሳያውቅ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ቶሎ እንዲያውቀው ወደሚከፋፈለው ጋዝ ኃይለኛ ሽታ እንዲጨመር የሚያስገድድ ሕግ የወጣው። ያ የምንጸየፈው ሽታ ሕይወት ለማዳን ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው።

አብዛኞቻችን ቤት ያለው ግን የባሎን ወይም የጋራ ታንከር ጋዝ ነው። እሱም ሽታ ይጨመርበታል፤ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚለየው ከአየር ስለሚከብድ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የባሎኑ ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል።

ስለዚህ እናቶቼና አባቶቼ፣ ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ቧንቧውን ዝጉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ውጡ። ከውጭ ሆናችሁ ወደ እሳት አደጋ 102 ደውሉ። ዕድሜ ሲገፋ የማሽተት አቅም ይደክማልና፣ ብቻችሁን የምትኖሩ ልጆቻችሁን ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኽ መሣሪያ እንዲገጥሙላችሁ ጠይቁ። ደኅና ሁኑ።