መገረም ብቻውን አያድንም



እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው «አስቶኒሽድ» የሚል ቃል ደጋግሞ ያገኛል። ዛሬ ብዙዎች ቃሉን «በጣም ተገረመ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ሥሩ ግን ከዚህ ይከብዳል። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መነሻው የላቲኑ «ቶናሬ» ነው፤ ትርጉሙም «ነጎድጓድ ማሰማት» ነው። እንግዲህ ቃሉ በጥንት ጊዜ የሚነገረው ነጎድጓድ እንደ ወረደበት ሰው ደንዝዞ፣ ክው ብሎ ለቀረ ነበር። እኛስ «መብረቅ የመታው መሰለ» እንል የለ?

ማቴዎስ 7፥28ን ተመልከቱ። ጌታ የተራራውን ስብከት ሲጨርስ ሕዝቡ ምን ሆኑ? ኪንግ ጄምስ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ የእኛው «ተገረሙ» ይላል። የግሪኩም ቃል ሥሩ «መምታት» ነው። አያችሁ? ትምህርቱ መታቸው!

ግን ልብ በሉ። ጌታ ስብከቱን የዘጋው በሁለት ቤት ሠሪዎች ምሳሌ ነው። ሁለቱም ቃሉን ሰምተዋል። ጎርፉ ሲመጣ የቆመው ግን ሰምቶ ያደረገው ሰው ቤት ነው። የናዝሬት ሰዎችም በትምህርቱ ተገርመው ነበር (ማርቆስ 6)። ወዲያው ግን ሙያውንና ቤተሰቡን ቆጥረው ተሰናከሉበት። በመጨረሻ የተደነቀው ጌታ ራሱ ነው፤ ባለማመናቸው!

ሳውልን ደግሞ እዩት (ሐዋርያት ሥራ 9)። በደማስቆ መንገድ ብርሃን መታው፤ ወደቀ። ወድቆ ግን አልቀረም። የተናገረው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ተነሥቶም ወደ ታዘዘው ከተማ ገባ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? እሑድ «ዛሬ ቃሉ መታኝ» ብለን አልቅሰን፣ ሰኞ ያኮረፍነውን ወንድም ሳናናግር እናልፋለን። የወሰድነውን የሰው ገንዘብ ሳንመልስ እንተኛለን። ነጎድጓድ ጮኾ ያልፋል፤ መሬቱን የሚያርሰው ዝናቡ ነው። ቃሉም ጆሮ ላይ ጮኾ ካለፈ ፍሬ የለውም፤ ልብ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ጌታ ሲናገራችሁ ከርሞ እስከ ዛሬ ያልታዘዛችሁት ምንድን ነው? ዛሬውኑ ንስሐ ግቡ፤ ተነሡና ታዘዙት። ኃይሉን የሚሰጥ እርሱ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።