የጊታር መልቲ ኢፌክት፤ ስለ ጣዕመ ድምፁና ስለ አያያዙ

የኤሌክትሪክ ጊታር ከክራርና ከበገና የሚለይበት ዋናው ነገር ድምፁ በእንጨቱና በክሩ ብቻ ተፈጽሞ የማይወጣ መሆኑ ነው፤ ክሩ ሲመታ የሚነሣው ንዝረት በፒካፑ ማግኔትና በጥቅል ሽቦው አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና፣ በገመድ ተጉዞ፣ በአምፕሊፋየር ጎልብቶ፣ በስፒከር በኩል ተመልሶ አየሩን እስኪያናውጥ ድረስ፣ በመንገዱ ላይ ሳለ ጠባዩን የሚለውጡ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ሊገቡበት ይችላሉ። እነዚህ መሣሪያዎች፣ ድምፁን የሚያሻክሩትም (ዲስቶርሽን)፣ የገደል ማሚቶ የሚሰጡትም (ዲሌይ)፣ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተመታ የሚያስመስሉትም (ሪቨርብ)፣ በጠቅላላው ኢፌክት ይባላሉ፤ ጊታሪስቱ ሁለት እጁ በሥራ የተያዘ ስለሆነ በእግሩ እየረገጠ ያዝዛቸዋልና ፔዳል ተብለውም ይጠራሉ። ቀድሞ እያንዳንዱ ፔዳል አንድ ግብር ብቻ ነበረው፤ ዛሬ ግን የእነዚህን ሁሉ ግብር በአንድ ሣጥን አጠቃሎ የያዘው መልቲ ኢፌክት ከስመ ጥሩ ጊታሪስት ጀምሮ እስከ ጀማሪው ተማሪ ድረስ በብዙዎች እጅ ገብቷል። ይህን መሣሪያ፣ ለገንዘቡም ለጥበቡም የሚጠነቀቅ ሰው ከመግዛቱ በፊት እንዴት አድርጎ ሊመረምረው እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ እንሞክራለን።

የዚህ ጥበብ መነሻ ብልሽት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ ሲቀረጽ፣ የስቱዲዮው ሚክሰር አንዱ መሥመር ተበላሽቶ የቤዝ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው፤ ባለሙያዎቹ ግን የተበላሸውን ከመጣል ይልቅ ውበቱን አስተዋሉና ድምፁ በሸክላው ላይ እንዳለ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ይህንኑ ሻካራ ድምፅ በእግር ተረግጦ እንዲወጣ ያደረገው ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የተባለው ፔዳል ለገበያ ቀረበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጊታሩን እንደ ሰው አፍ «ዋህ» የሚያሰኘው ዋህ-ዋህ ፔዳል ተከተለው። ይህ ድምፅ ወደ ሀገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በዚያ ዘመን ባስቀረጻቸው የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ውስጥ የዋህ-ዋህ ጊታር ከቅኝቶቻችን ጋር ተስማምቶ፣ እንግዳነቱ እስኪረሳ ድረስ፣ ሲያዜም ይሰማል። ብዙውን ግብር በአንድ ሣጥን የማጠቃለሉ ሥራ ግን የመጣው ዲጂታል ስሌት ከረቀቀ በኋላ ነው፤ የጃፓኑ ቦስ የመጀመሪያውን መልቲ ኢፌክቱን ኤምኢ-5ን እ.ኤ.አ. በ1988፣ የአሜሪካው ላይን 6 ደግሞ የአምፕሊፋየሮችን ጠባይ በስሌት የሚያስመስለውን ፖድን በ1998፣ ሂሊክስን በ2015 አወጡ።

እንግዲህ ገዢ ወደ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚነገረው ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ኢፌክት አለው፣ ያን ያህል የአምፕ ዓይነት ይዟል፣ ይህን ያህል ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) ያስቀምጣል ይባላል። እኔ ግን ይህን መሣሪያ በቁጥር መመዘን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጊታሪስት በአንድ የሙዚቃ ምሽት በእውነት የሚገለገልባቸው ድምፆች ከአራት ወይም ከአምስት እምብዛም አያልፉም። ሊመረመር የሚገባው እነዚያ አራትና አምስት ድምፆች ጣዕም ያላቸው መሆናቸውና፣ ዘፈኑ ሲጠራቸው ያለ መዘግየት ከእግር ሥር መገኘታቸው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በአፍ ሲነገሩ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ በመድረክ ላይ አንድ ናቸው፤ በጊዜው ሊደረስበት ያልተቻለ ድምፅ ምንም ያህል ቢያምር በዚያ ሌሊት እንዳልነበረ ይቆጠራልና።

ምርመራው ከንጹሕ ድምፅ ይጀምር። ብዙ ሰው መሣሪያውን እንደ ከፈተ በፋብሪካው የተዘጋጁትን ፕሪሴቶች አንድ በአንድ ሲያዳምጥ ይውላል፤ እነዚህ ግን ገዢን ለማስደነቅ ሲባል በሪቨርብና በዲሌይ የተጥለቀለቁ በመሆናቸው የመሣሪያውን እውነተኛ ባሕርይ ይሸፍናሉ። ስለዚህ መርማሪው ኢፌክቱን ሁሉ አጥፍቶ፣ የለመደውን የራሱን ጊታር ሰክቶ፣ ድምፁ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ሲወጣና በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲገባ ያለውን ልዩነት ያስተውል፤ ከቀጭኑ ክር የብሩህነት ጉድለት፣ ከወፍራሙ ክር የመድከም ምልክት ከተሰማው ችግሩ ከሥር ነው፣ ከላዩ የሚደረብ ጌጥ ሊያድነው አይችልም። በዚህ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለት ድምፆች ሲነጻጸሩ ከፍ ብሎ የሚሰማው ለሰው ጆሮ የተሻለ መስሎ ይታያልና፣ የሁለቱ ከፍታ ሳይስተካከል ፍርድ መስጠት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ወደ ዲስቶርሽኑ ይታለፋል፤ የዲጂታል መሣሪያ ምሥጢር የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። በፈላ ዲስቶርሽን ላይ የጊታሩን የቮልዩም ማዞሪያ እስከ ግማሽ ዝቅ አድርጎ በለስላሳ ጣት ክሩን መንካት፤ ጥሩ መሣሪያ ከሆነ ድምፁ ከቁጣው በርዶ ወደ ንጹሕነት ይጠጋል፣ ደካማ ከሆነ ግን ያው ሻካራነት መጠኑ ብቻ አንሶ ይቀራል። ቀጥሎ አንዱን ክር አጥብቆ መትቶ እስኪሞት ድረስ ማድመጥ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች መጀመሪያ ላይ አምረው፣ ድምፁ ሊጠፋ ሲል ግን የሚቆራረጥ ፍርፍርታ ያሰማሉ። ሦስተኛውና ረቂቁ ፈተና ደግሞ ይህ ነው፦ በቀጭኑ ክር ከፍተኛውን ድምፅ ይዞ፣ ክሩን በጣት ቀስ እያሉ ወደ ላይ መግፋት። ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ከበስተጀርባው ሌላ ስስ ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ ከተሰማ፣ ያ ከጊታሩ የመጣ ሳይሆን ከስሌቱ የተወለደ ባዕድ ድምፅ ነው። መሣሪያው ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ስለሚሠራ፣ ከዚህ ልክ እኩሌታ በላይ የሆነውን ንዝረት በትክክል ሊወክለው አይችልም፤ ዲስቶርሽን ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ንዝረቶችን ስለሚፈጥር፣ ትርፉ ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል። ጥሩ አድርገው የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ለማስቀረት በመሣሪያው ውስጥ የሚለካውን ቁጥር በብዙ እጥፍ ያሳድጉታል።

ስለ ጫጫታም ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ውስጥ ዲስቶርሽን ሲከፈት የሚሰማው እምምታ ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ መሣሪያዎቹም ይህን የሚዘጋ ግብር አላቸው። ሆኖም ይህ ጫጫታ ዘጊ ጠብቆ ሲደረግ የእምምታውን ብቻ ሳይሆን የዜማውንም ጅራት ይቆርጣል፤ በትዝታ ላይ በረጅሙ ተስቦ ቀስ እያለ የሚሞተውን የመጨረሻ ድምፅ አንገቱን ሲቀነጠስ መስማት ለሙዚቃ አፍቃሪ ሕማም ነው። ጫጫታ ዘጊው በድንገት ሳይሆን በዝግታ የሚዘጋ መሆኑን በዚህ ዓይነት ዜማ መፈተን ይሻላል።

አንድ የተለመደ ቅሬታ አለ፤ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ተሠርቶ ልብን ደስ ያሰኘ ድምፅ በማግሥቱ በመድረክ ላይ ሲከፈት ጆሮ የሚበሳ፣ ወይም በባንዱ መካከል ፈጽሞ የማይሰማ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ወፍራሙንና ቀጭኑን ወገን አሳንሶ ይሰማል፤ በጸጥታ ያዘጋጀ ሰው የጎደለ መስሎት የጨመረው ባስና ትሬብል ድምፁ ሲነሣ ከልክ ያልፋል። ሁለተኛው ድምፁ የሚወጣበት ነገር ነው፤ የጊታር አምፕ ስፒከር ከአምስትና ከስድስት ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያሰማምና ዲስቶርሽኑን በጠባዩ ያለዝበዋል፣ በሠርግ አዳራሽ ግን ጊታሩ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ገብቶ በሞንታርቦ ስለሚወጣ ያ ሁሉ ፉጨት ሳይጣራ ይለቀቃል። መልቲ ኢፌክቶች ለዚህ የስፒከር ሣጥን የሚያስመስል ግብር አላቸው፤ ወደ ሚክሰር ሲገቡ መክፈት፣ ወደ ጊታር አምፕ ሲገቡ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ይህን በቀላሉ መለወጥ የማያስችል መሣሪያ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚጫወት ሰው አይመችም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር መሣሪያው የተሠራበት ሙዚቃና እኛ የምንጫወተው ሙዚቃ አንድ አለመሆናቸው ነው። ጊታሪስቱ የሚመታውን ዜማ ተከትሎ ሁለተኛ ድምፅ የሚጨምረውን የሃርሞኒ ግብር እንመልከት። ይህ ግብር በምዕራባውያን ዓቢይና ንዑስ ሚዛን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በዶ ተነሥቶ ሦስተኛውን ድምፅ እንዲጨምር ሲታዘዝ፣ ለዶ ሚን ይሰጣል፣ ለሬ ግን ፋን፣ ለሶልም ሲን ያመጣል፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ በሆነው በትዝታ ቅኝት ውስጥ ግን ፋም ሲም የሉም። ስለዚህ ጊታሪስቱ ትዝታን በትክክል እየተጫወተ ሳለ መሣሪያው ዜማውን ከቅኝቱ ያወጣበታል፤ በአንቺሆዬ ሲሞከርማ መጋጨቱ እጅግ ይብሳል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ፣ ለምሳሌ በቦስ ጂቲ-100፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የትኛው አጃቢ እንዲሰጠው ተጠቃሚው ራሱ ሊወስን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ለሬ ሶልን፣ ለሚ ላን፣ ለሶል የላዩን ዶ እየሰጡ፣ ከቅኝቱ አንድ አንድ ድምፅ በመዝለል ለጆሯችን የሚስማማ ቅንብር ማዘጋጀት ይቻላል። እኔ ሃርሞኒ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ጊታሪስት ይህ ፈቃድ የሌለውን መሣሪያ ባይገዛ እመርጣለሁ።

ዲሌይም እንዲሁ ነው። ፋብሪካዎቹ እጅግ የሚወዱት ዲሌይ የምቱን ሦስት አራተኛ ቆይቶ የሚመልሰው ነው፤ ምቱ በደቂቃ 120 ቢሆን ይህ 375 ሚሊሴኮንድ ይሆናል፣ በአራት ለሚከፈል ሙዚቃም ያምራል። የእኛ ችክችካ ግን እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት የሚከፈልበት ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚመለሰው ድምፅ በ167 ወይም በ333 ሚሊሴኮንድ ላይ መውደቅ አለበት፤ 375ቱ ከከበሮው ጋር ሲላተም እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻ እስከ ማሰናከል ይደርሳል። መሣሪያው ፍጥነቱን በእግር እየመቱ የሚያስተምሩት መርገጫ ያለው መሆኑና፣ ከዚያም ምቱን በሦስት የሚከፍል ምርጫ የሚሰጥ መሆኑ በሱቁ ውስጥ ሳሉ መታየት አለበት።

አሁን ወደ አያያዙ እንመለስ። የቦስ ኤምኢ-80 ፊቱ በማዞሪያዎች የተሞላ፣ ስምንት መርገጫዎችና አንድ የሚወዛወዝ ፔዳል ያለው ነው፤ ዲሌዩ በዝቶ ከተሰማ የዲሌዩን ማዞሪያ ጎንበስ ብሎ መቀነስ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታናሹ ጂቲ-1 ግን በቦርሳ የሚገባ፣ ሦስት መርገጫዎችና ፔዳል ብቻ ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በትንሽ የጽሑፍ መስኮት ውስጥ ገጽ እየገለጡ ነው። በቤት ውስጥ በእርጋታ ለሚሠራ ሰው ሁለተኛው ብዙ ይሰጣል፤ በመድረክ ላይ ግን ዘፋኙ ሳይናገር ከዝግታው ትዝታ ወደ ፈጣኑ ጉራግኛ ሲሻገር፣ ጊታሪስቱ በአንድ እርግጫ ሪቨርቡን አጥፍቶ ዲስቶርሽኑን መክፈት ይኖርበታልና፣ በገጽ ውስጥ የተሸሸገ ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት አይጠቅመውም። ስለዚህ ለመድረክ ሰው ማዞሪያና ብዙ መርገጫ ያለውን አስቀድማለሁ። ከአንዱ ፕሪሴት ወደ ሌላው ሲታለፍ ድምፁ የሚቋረጥበት ጊዜም መፈተን አለበት፤ ዲሌይ እየተመለሰ ሳለ መርገጫውን ረግጦ፣ የድሮው ዲሌይ ጅራት በተፈጥሮው ያልቃል ወይስ በመካከል ይቆረጣል ብሎ ማድመጥ ይበቃል። በሂሊክስ ውስጥ በአንድ ፕሪሴት ሥር እስከ ስምንት ልዩ ልዩ አቀማመጦች ሊዘጋጁ የቻሉት ይህን መቆረጥ ለማስቀረት ነው። የመርገጫዎቹን ርቀት ደግሞ በባዶ እግር ሳይሆን በመድረክ ላይ በሚለበሰው ጫማ መለካት ይገባል፤ በጠባብ መሣሪያ ላይ ወፍራም ጫማ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይረግጣል።

በመጨረሻም የኃይሉ ነገር አለ። መብራት ድንገት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ ድረስ በመብራት ብቻ የሚሠራ መሣሪያ መጥፋቱ አይቀርምና፣ እንደገና ተከፍቶ ለመሥራት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ማየት ጥሩ ነው፤ ጂቲ-1 በአራት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች፣ ኤምኢ-80ም በስድስት ሊሠሩ መቻላቸው በዚህ ረገድ ትልቅ ጸጋ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጡት መሣሪያዎች ደግሞ አዳፕተራቸው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ምትኩ ሲገዛ 9 ቮልት የሚሰጥ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የመሰኪያው መካከል ኔጋቲቭ መሆኑና በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ሚሊአምፔር መሣሪያው ከሚጠይቀው ያላነሰ መሆኑ በጀርባው ከተጻፈው ጋር መመሳከር አለበት። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰውም የሚወዛወዘውን ፔዳል ከተረከዝ እስከ ጣት ቀስ ብሎ እየገፋ ድምፁ ሳይዘል መውጣትና መውረዱን፣ ጃኩ ውስጥ የተሰካው ገመድ ሲነቀነቅ አለመንኳኳቱን ካረጋገጠ በኋላ ሂሳቡን ይክፈል።